የተክል ሻጋታና የቤት መድኃኒቱ፦ ከቦርዶ የወይን ቦታ እስከ እነዋሪ መደብ

የአማርኛ ቋንቋ ለእህል በሽታ የሰጣቸው ስሞች ቁጥራቸው ጥቂት ቢሆንም ዕድሜያቸው ረጅም ነው። በስንዴና በገብስ ቅጠል ላይ የዛገ ብረት የሚመስል ብናኝ የሚያወጣው በሽታ «ዋግ» ይባላል። የዛላውን ፍሬ ወደ ጥቁር ዱቄት የሚለውጠው ደግሞ «አረማሞ» ይባላል። ሁለቱ ቃላት በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከረኃብ፣ ከቸነፈርና ከአንበጣ ጋር ተሰልፈው ይገኛሉ፤ ይህም ገበሬው በሽታዎቹን ከየትኛው የመከራ ተርታ ይመድባቸው እንደ ነበር ያስረዳል። እህሉን «ዋግ መታው» ሲባል፣ ግሡ «በረዶ መታው» ወይም «መብረቅ መታው» ሲባል ከሚነገረው ጋር አንድ ነው። በሽታው ከላይ የሚወርድ መቅሠፍት እንጂ ከማሳው ውስጥ የሚነሣ፣ የሚወለድና የሚራባ ሕያው ነገር ነው ተብሎ አይታሰብም ነበር።

ይህ አመለካከት የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። የጥንት ሮማውያን ሮቢጉስ ለሚሉት የዋግ አምላክ በየዓመቱ ኤፕሪል 25 ቀን በዓል እያከበሩ ውሻ ይሠዉለት ነበር። ይሁን እንጂ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ የኖረው የግሪክ ሊቅ ቴዎፍራስጦስ ስለ ዕፀዋት ባዘጋጀው መጽሐፍ፣ ነፋስ በሚያገኘው ከፍተኛ መሬት ላይ የተዘራ እህል በዝቅተኛ ቦታ ከተዘራው ያነሰ በዋግ እንደሚጎዳ አመልክቶ ነበር። በዚህ አስተያየት ውስጥ መሥዋዕትም መድኃኒትም አልተጠቀሰም። የተጠቀሰው የቦታ፣ የነፋስና የእርጥበት ልዩነት ብቻ ነው።

የተክልን ሻጋታ ለመከላከል የሰው ልጅ የተከተላቸው መንገዶች ከዚያ ዘመን ጀምሮ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው በተክሉ ላይ የሚረጭ ወይም ከዘሩ ጋር የሚታሽ ነገር መፈለግ ነው። ሁለተኛው ሻጋታው የሚያድግበትን ሁኔታ፣ በተለይም ውኃውን፣ መለወጥ ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተጽፏል፤ ሁለተኛው ግን ስሙ ያልተመዘገበ ገበሬ የሚሠራው ሥራ በመሆኑ ከታሪክ መጻሕፍት ውስጥ የሚገኘው በጥቂቱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሁለቱን መንገዶች ታሪክ ጎን ለጎን አቅርቦ፣ በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ በእጅ ሲሠራ የኖረው ሥራ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገባውን ስፍራ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጨው ውኃ እስከ መዳብ

በዓለም ላይ የታወቁት የቆዩ የሻጋታ መድኃኒቶች አብዛኞቹ የተገኙት ከቤትና ከማሳ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ወደብ አጠገብ ስንዴ የጫነ መርከብ ሰጠመ። በባሕር ውኃ የራሰው ስንዴ ለዳቦ የማይሆን ስለ ነበረ ገበሬዎች ለዘር አዋሉት። በመከር ጊዜ የጎረቤቱ ማሳ በአረማሞ ተጠቅቶ ሳለ ያ ስንዴ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ ይባላል። ይህን ታሪክ የመዝሪያ መሣሪያ በመፈልሰፍ የታወቀው ጄትሮ ተል በ1733 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ መዝግቦታል። ዘርን በጨው ውኃ ማጠብና ኖራ መነስነስም በብዙ ስፍራ የተለመደ ሆነ።

ልማዱ ቢስፋፋም ለምን እንደሚሠራ የሚያውቅ አልነበረም። በ1755 ማቴዩ ቲዬ የተባለ ፈረንሳዊ አንድ ማሳ በብዙ መደቦች ከፋፈለ። በአንዳንዱ መደብ በጥቁሩ የአረማሞ ዱቄት የተለወሰ ዘር፣ በሌላው ንጹሕ ዘር፣ በሌላው ደግሞ በኖራና በጨው የታሸ ዘር ዘርቶ ውጤቱን አወዳደረ። በዚህም በሽታው በዱቄቱ አማካይነት ከዘር ወደ ተክል እንደሚተላለፍ አሳየ። ኖራውና ጨው ውኃው ከእርሱ በፊት የነበሩ የገበሬ መድኃኒቶች ናቸው፤ የቲዬ ድርሻ ካልታከመው መደብ ጋር ማወዳደሩ ነው። በ1807 ደግሞ ቤኔዲክት ፕሬቮ ያ ጥቁር ዱቄት በውኃ ውስጥ የሚበቅል ሕያው ነገር መሆኑን በአጉሊ መነጽር ተመለከተ። መዳብ በነካው ውኃ ውስጥ ግን አልበቀለም። የመዳቡ መጠን እጅግ አነስተኛ ስለ ነበር ነገሩ ለዘመኑ ሰዎች አስደናቂ ሆኖ ነበር፤ ሆኖም የፕሬቮ ግኝት ለብዙ ዓመታት ሰሚ አላገኘም።

የዲንም ታሪክ ከአትክልተኞች እጅ የወጣ ነው። በ1821 ጆን ሮበርትሰን በኮክ ዛፍ ላይ የሚወጣውን ዱቄት መሰል ሻጋታ በሳሙና ውኃ በተበጠበጠ ዲን መከላከል እንደሚቻል ገለጸ። በ1845 ኤድዋርድ ተከር የተባለ አትክልተኛ በእንግሊዝ አገር በማርጌት ከተማ በመስተዋት ቤት ውስጥ በሚያሳድገው ወይን ላይ ነጭ ሻጋታ አይቶ ዲንና ኖራ በውኃ ቀላቅሎ ረጨበት። ሻጋታው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ የወይኑን ምርት ክፉኛ ቀነሰ። በዚያን ጊዜ በቬርሳይ አትክልት ስፍራ ኃላፊ የነበረው ግሪዞን በ1852 ዲንና ኖራ አብሮ በማፍላት ፈሳሽ መድኃኒት አዘጋጀ። ይህ ድብልቅ ልዩ ልዩ መሻሻል እየተደረገለት በፍራፍሬ ዛፎች ላይ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ከሁሉም ይልቅ የታወቀው ግን የቦርዶ ድብልቅ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ሌላ የወይን በሽታ በ1878 በፈረንሳይ ታየ፤ ከቅጠሉ ሥር ጥጥ የሚመስል ሻጋታ እያወጣ ቅጠሉን ያረግፍ ነበር። በ1882 መጸው የቦርዶ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበረው ሚያርዴ በሜዶክ አውራጃ ሲያልፍ፣ በመንገድ ዳር ያሉት ወይኖች ቅጠላቸውን እንደ ያዙ፣ ወደ ውስጥ ያሉት ግን እንደ ረገፉ ተመለከተ። ምክንያቱን ሲጠይቅ፣ መንገደኛ ፍሬውን እንዳይቀጥፍ መርዝ የተረጨበት ለማስመሰል በመንገድ ዳር ባሉት ወይኖች ላይ ሰማያዊ የመዳብ ጨውና ኖራ ተቀላቅሎ እንደ ተረጨ ተነገረው። ለሌባ መከላከያ የታሰበው ቀለም የሻጋታ መከላከያ ሆኖ ተገኘ። ሚያርዴ ከኬሚስቱ ከጋዮን ጋር ነገሩን በሙከራ አጣርቶ በ1885 ቀመሩን አሳተመ፤ ይኸውም 8 ኪሎ ኮፐር ሰልፌት በ100 ሊትር ውኃ፣ 15 ኪሎ ኖራ ደግሞ በ30 ሊትር ውኃ ተበጥብጦ የሚቀላቀል ነበር። በኋላ መጠኑ እየተቀነሰ ሄዶ 1 ኪሎ የመዳብ ጨውና 1 ኪሎ ኖራ በ100 ሊትር ውኃ የተለመደ ቀመር ሆነ።

የአዘገጃጀቱ ሥርዓት ራሱ ትምህርት ያለበት ነው። የመዳቡ ጨው በብረት ዕቃ አይሟሟም፤ መዳቡ በብረቱ ላይ ተለጥፎ ብረቱን ይበላዋልና የሸክላ፣ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ዕቃ ያስፈልጋል። ኖራው በሌላ ዕቃ ይበጠበጣል፤ ከዚያ የመዳቡ ውኃ ወደ ኖራው ይፈስሳል። ድብልቁ መስተካከሉን ለማወቅ ንጹሕ ሚስማር ይነከርበታል። በሚስማሩ ላይ ቀይ የመዳብ ሽፋን ከታየ ኖራው አንሷል ማለት ነውና ይጨመርበታል፤ ያለበለዚያ ነጻ የሆነው መዳብ ቅጠሉን ያቃጥላል። ድብልቁ ሳያድር በዕለቱ መረጨት አለበት። ቤተ ሙከራ የሌለው አትክልተኛ በአንድ ሚስማር የኬሚካል መጠን እንዲቆጣጠር ያስቻለው ይህ ዘዴ የቤት መድኃኒት ከልማድ ወደ ልኬት የተሸጋገረበትን ወቅት በግልጽ ያሳያል።

ሁሉም የተጠቀሱት መድኃኒቶች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። በቅጠሉ ወይም በዘሩ ላይ ተቀምጠው፣ የሻጋታው ዘር ሲያርፍና ሊበቅል ሲጀምር ይገድሉታል፤ ወደ ተክሉ ውስጥ የገባውን ግን አያድኑም። ስለዚህ የቅጠሉ ነጥብ ከታየ በኋላ የሚረጭ ሰው በአብዛኛው የሚያድነው ያልተነካውን ቅጠል ብቻ ነው። ከዚህም በላይ መዳብ በአፈር ውስጥ ይጠራቀማል እንጂ አይጠፋም። የአውሮፓ ኅብረት በ2018 ባወጣው ደንብ በአንድ ሄክታር ላይ በሰባት ዓመት ውስጥ የሚረጨው መዳብ ከ28 ኪሎ እንዳይበልጥ የወሰነው በዚሁ ምክንያት ነው።

የጓሮ አበባና የማድ ቤት መድኃኒት

ስለ ወይንና ስለ ስንዴ የተነገረው ሁሉ በአነስተኛ መጠን በጓሮ አበባ ላይ ይታያል። ለዚህ ሀይድራንጂያ የተባለው አበባ መልካም ምሳሌ ነው። ስሙ የውኃ ዕቃ የሚል ትርጉም ካላቸው የግሪክ ቃላት የተወሰደ ሲሆን ተክሉም እንደ ስሙ ውኃ ወዳድ ነው። ቅጠሉ ሰፊ፣ ቁጥቋጦው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ከቀትር ፀሐይ ለመከለልም በጥላ ሥር ይተከላል። በቂ ነፋስ በማያገኝበት ጊዜ ቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ሻጋታ ይወጣል። ውኃ ከላይ ሲወርድበት ደግሞ ሰርኮስፖራ የተባለው ፈንገስ ሐምራዊ ጠርዝ ያላቸው ክብ ነጥቦችን ያስከትላል፤ አበባውንም ግራጫ ሻጋታ ያበሰብሰዋል።

ለእነዚህ በሽታዎች የሚታዘዙት የማድ ቤት መድኃኒቶች ብዙዎች ቢሆኑም በሙከራ የተፈተኑት ጥቂቶች ናቸው። ለዳቦና ለኬክ የሚውለው ቢካርቦኔት ሶዳ በ1992 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ከሚረጭ ዘይት ጋር ሲደባለቅ በጽጌረዳ ላይ የሚወጣውን ዱቄት መሰል ሻጋታ እንደሚከላከል ታይቷል። ይሁን እንጂ መጠኑ ሲበዛ ቅጠል ያቃጥላል፤ የሶዳውም ጨው በአፈር ውስጥ ይቀራል። በ1999 ደግሞ ቤቲዮል የተባለ የብራዚል ተመራማሪ በዝኩኒ ላይ የላም ወተት በውኃ በጥብጦ በየሳምንቱ ሲረጭ፣ ከመቶ አሥር እጅና ከዚያ በላይ ወተት ያለው ድብልቅ በጊዜው ይሠራባቸው ከነበሩት የፋብሪካ መድኃኒቶች ያላነሰ ውጤት እንዳስገኘ ገልጧል። እነዚህ ሁለት ውጤቶች የሚመለከቱት ዱቄት መሰሉን ሻጋታ እንጂ ሻጋታን ሁሉ አይደለም። አመድም ቢሆን በጎተራ ውስጥ ነቀዝን ለመከላከል የቆየ ጥቅም ያለው ነገር ነው፤ ነቀዝ ግን ተባይ ነው፤ ሻጋታ ደግሞ ሌላ ፍጥረት ነው። የአንዱን መድኃኒት ለሌላው ማዋል በቤት ሕክምና ውስጥ ከሚፈጸሙት ስሕተቶች ሁሉ የተለመደው ነው።

ከመድኃኒቱ በፊት የሚመጣው ግን የውኃው ጉዳይ ነው። የአብዛኞቹ ሻጋታዎች ዘር ለመብቀል ቅጠሉ ለተወሰኑ ሰዓታት እርጥብ ሆኖ እንዲቆይ ይፈልጋል። ዱቄት መሰሉ ሻጋታ ከዚህ ሕግ ውጭ ነው፤ እርጥብ አየር እንጂ በቅጠሉ ላይ የቆመ ውኃ አይስማማውም። በመሆኑም ውኃን ከላይ መርጨት ትቶ በማለዳ ከግንዱ ሥር ማጠጣት፣ ቁጥቋጦውን አሳስቶ ነፋስ እንዲያልፍበት ማድረግ፣ የረገፈውንም ቅጠል ለቅሞ ማቃጠል ከማናቸውም ድብልቅ የሚቀድሙ ሥራዎች ናቸው። ቴዎፍራስጦስ ስለ ከፍተኛ መሬት የጻፈው አስተያየት በአንድ የአበባ መደብ ላይ ሲተረጎም ይህን ይመስላል። በሰፊ ማሳ ላይ ሲተረጎም ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ ወደ እነዋሪ መሻገር ያስፈልጋል።

የእነዋሪ መደብ

እነዋሪ በሰሜን ሸዋ የሞረትና ጅሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ በጃማ ወንዝ ሸለቆ አፋፍ በሚያበቃ ሜዳ ላይ ትገኛለች። አካባቢው በጅሩ ሰንጋ፣ በስንዴ፣ በጤፍ፣ በባቄላና በምስር የታወቀ ነው። አፈሩ ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር በበጋ ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት ውኃ ሲጠጣ ግን አብጦ ስንጥቁን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚዘንበው ዝናብ ወደ ታች የሚሰርግበት መንገድ ስለሌለው ሜዳው ላይ ይተኛል። በኢትዮጵያ ይህን የመሰለ አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ እንደሚሸፍን፣ ከዚህም ውስጥ 7.6 ሚሊዮን የሚሆነው በደጋው እንደሚገኝ ይገመታል።

ውኃ በተኛበት አፈር ውስጥ በቅንጣቶቹ መካከል የነበረው አየር ይወጣል፤ የተክሉ ሥር ይታፈናል። በዚህ ጊዜ ፉዛሪየም ሶላኒ የተባለው፣ በአፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ የደከመውን ሥር ይገባበታል። የባቄላው ሥር ጠቁሮ ይበሰብሳል፤ ቅጠሉም ቢጫ ሆኖ ይደርቃል። ተክሉ በውኃ መካከል ቆሞ ሳለ ውኃ እንዳጣ ተክል ይጠወልጋል። ለዚህ በሽታ በቅጠል ላይ የሚረጭ ድብልቅ አይደርስለትም፤ በሽታው ከመሬት በታች ነውና።

በብዙ የመረሬ አገሮች ገበሬው ለዚህ ችግር የሰጠው መልስ መጠበቅ ነበር። የክረምቱ ዝናብ እስኪያባራ ድረስ መሬቱን ሳይዘራ ያቆይና፣ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ዘርቶ አፈሩ በያዘው እርጥበት ያሳድጋል። ይህ ዘዴ ዘሩን ከመበስበስ ያድነዋል፤ ነገር ግን የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ሳይሠራበት ያልፋል፤ በመጨረሻም እህሉ ፍሬ በሚይዝበት ጊዜ እርጥበት ያጥረዋል። የእነዋሪ ገበሬዎች የመረጡት መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። ዘሩን በክረምቱ መግቢያ በማሳው ላይ ይበትናሉ፤ ከዚያም መላው ቤተሰብ፣ ወንዱም ሴቱም ልጆቹም ጭምር፣ በማረሻ ከተወጣው ትልም ውስጥ አፈሩን በእጁ እያፈሰ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወጣዋል። በዚህም ከፍ ያለ ሰፊ መደብና በመደቦቹ መካከል የሚወርድ ቦይ ይሠራል። ከቦዩ የወጣው አፈር በመደቡ ላይ ያለውን ዘር ያለብሰዋል፤ በቦዩ ውስጥ የወደቀውም ዘር ከአፈሩ ጋር ወደ መደቡ ስለሚወጣ አይባክንም። ትርፉ ውኃ በቦዩ ሲወርድ የተክሉ ሥር አየር በሚያገኝ አፈር ውስጥ ይቆያል።

ይህ ሥራ የተመራማሪዎችን ዓይን የሳበው በ1980ዎቹ ነው። በ1974 የተመሠረተው፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱ በአዲስ አበባ የነበረውና በደብረ ብርሃንም የምርምር ጣቢያ የነበረው ኢልካ የተባለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል፣ በሕንድ አገር ኢክሪሳት ካካሄደው የጥቁር አፈር ምርምር ልምድ በመቅሰም፣ ከእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ከዓለማያ ዩኒቨርሲቲና ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በ1986 የጋራ የመረሬ አፈር ፕሮጀክት ጀመረ። እነዋሪ ከፕሮጀክቱ የሥራ ቦታዎች አንዷ ሆነች። በሌላ ቦታ ለማስተማር የታሰበው የሰፊ መደብና የቦይ አሠራር በዚህ አካባቢ በሰው እጅ ሲሠራ የኖረ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ የመሐንዲሶቹ ጥያቄ የእጁን ድካም በበሬ ጉልበት መተካት እንዴት ይቻላል የሚል ሆነ።

የመጀመሪያው መሣሪያ ሁለት የአገር ማረሻዎችን ጎን ለጎን በማያያዝ የተሠራ ነበር። በአንድ ጥንድ በሬ ሲጎተት 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደብና 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ያወጣል። ይህም ማለት ገበሬው ከማሳው አንድ ሦስተኛውን ለውኃ መንገድ ይለቅቃል ማለት ነው። መሣሪያው ለበሬዎቹ ከባድ ሆኖ በመገኘቱ፣ በኋላ በአንዱ ማረሻ ላይ የሚታሰሩ የብረት ክንፎች ተተኩ፤ ክብደቱም ቀነሰ። መሣሪያው ወደ ልዩ ልዩ የመረሬ አካባቢዎች ቢዳረስም የተቀበሉት ሁሉ አልዘለቁበትም። አፈሩ እጅግ ሲርስ ይጣበቅበታል፤ ሲደርቅም ጓል ይሆንበታል፤ ስለዚህ የሚሠራበት ጊዜ አጭር ነው።

ከመሣሪያው የሚከብደው ችግር ግን የውኃው መውጫ ነው። ከአንዱ ማሳ በቦይ የወጣው ውኃ ወደ ጎረቤቱ ማሳ ይገባል። ሣር በለበሰ የጋራ ማስወገጃ ካልተመራም አፋፉን እየሸረሸረ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። አንድ ገበሬ መደቡን ብቻውን ሊሠራ ይችላል፤ ማስወገጃውን ግን ብቻውን ሊሠራ አይችልም። የከፍታ ልዩነት መለካት፣ የቦይ ተዳፋት መወሰን፣ የማስወገጃውን ስፋት ከዝናቡ መጠን ጋር ማስላት የመሐንዲስ ሥራ ነው። ቦዩ በማን መሬት ላይ እንደሚያልፍ መስማማት ደግሞ የቀበሌውና የሽማግሌው ሥራ ነው። ሁለቱ ካልተገናኙ መሣሪያው ብቻውን ውኃውን ከአንድ ሰው ችግር ወደ ሌላ ሰው ችግር ያዛውረዋል።

የዘዴው ወሰን

የእነዋሪን ዘዴ ለማክበር ሲባል ሁሉን ፈዋሽ አድርጎ ማቅረብ አይገባም። ማጠንፈፍ ሥርን ከመበስበስ ያድናል፤ ምርምሩም ይህን አግዞታል። በሆለታ የምርምር ማዕከል ተዘጋጅተው በ2002 የተለቀቁት «ዋዩ» እና «ሰላሌ» የተባሉት የባቄላ ዝርያዎች ለውኃ አዘል መረሬ የታሰቡ ናቸው። ነገር ግን ከ2010 ወዲህ ባሉት ዓመታት በሰሜን ሸዋ ደጋ ቆርምድ የተባለ አዲስ የባቄላ በሽታ ታየ። ቅጠሉን እያኮማተረ፣ እባጭ እያወጣበትና ተክሉን እያጫጨ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ሌሎች ደጋማ አካባቢዎች ተዛመተ፤ በክፉኛ በተጠቃበት ስፍራም ባቄላ መዝራት ያቆሙ ገበሬዎች ነበሩ። መንሥኤው በመጀመሪያ ኦልፒዲየም ለተባለው ፍጥረት ተሰጥቶ ነበር፤ በ2020ዎቹ መጀመሪያ የወጣ ጥናት ግን ፊዞደርማ ወደሚባለው አመልክቷል። ለዚህ በሽታ መደብ ማውጣት ብቻ አልበቃም። ዘርን በመድኃኒት ማሸት፣ ከፋብሪካ የወጣ መድኃኒት መርጨት፣ ባቄላን ከሌላ ሰብል ጋር ማፈራረቅ አስፈላጊ ሆኗል።

ዋግም ቢሆን በነፋስ ተጉዞ ከሌላ አገር የሚመጣ በመሆኑ በቦይ አይመለስም። ለዋግ የቆየው የገበሬ መከላከያ የዘር ልዩ ልዩነት ነበር። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው የሶቪየት ኅብረት ሊቅ በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ እስከ አንኮበር በዘለቀበት ጊዜ ያስደነቀው የስንዴው ዓይነት ብዛት ነበር። በአንድ ማሳ ውስጥ የተደባለቁ ዓይነቶች ሁሉ በአንድ የዋግ ዘር በአንድ ጊዜ አይጠቁም። ምርት የሚሰጡት የተሻሻሉ ዝርያዎች ድብልቁን ሲተኩ የምርት ብልጫ ተገኝቷል፤ አደጋውም በዚያው መጠን ጨምሯል። በ2010 «ቁብሳ» የተባለው በሰፊው የተዘራ የዳቦ ስንዴ በቢጫ ዋግ ተጠቃ። በእርሱ ምትክ የተስፋፋው «ዲገሉ» ደግሞ በ2013 በባሌና በአርሲ በግንድ ዋግ ተመታ። ይህ ወደ ቀድሞው ዘር ይመለስ ለማለት አይበቃም፤ አንድ መድኃኒት ወይም አንድ ዝርያ ብቻውን ረጅም ጊዜ እንደማይጠብቅ ግን ያስረዳል።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

እስካሁን ከተዘረዘረው ሁለት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው፣ የሕዝብ ልማድ ወደ ዕውቀት የተለወጠው ልኬት ሲገባበት መሆኑ ነው። ጨው ውኃው፣ ዲኑ፣ የመዳቡ ቀለምና ወተቱ ሁሉ አስቀድሞ በሰው እጅ የነበሩ ነገሮች ናቸው፤ ለሌላው የሚተላለፍ ዕውቀት የሆኑት ግን አንድ ሰው መጠናቸውን ጽፎ፣ መድኃኒት ያልነካውን መደብ አጠገባቸው አስቀምጦ ካወዳደረ በኋላ ነው። ሁለተኛው፣ የእነዋሪ ገበሬ ከዚህ ታሪክ ተርታ የሚመደብ መሆኑ ነው። ሚያርዴ በመንገድ ዳር ያየውን ሰማያዊ ቅጠል ችላ ብሎ ቢያልፍ ኖሮ የቦርዶ ድብልቅ በዚያን ጊዜ ባልተገኘ ነበር። በእነዋሪም በእጅ የታፈሰው አፈር ለብዙ ዘመን ከመንገድ ሲታይ የኖረ ሥራ ሲሆን፣ በስዕልና በቁጥር ተመዝግቦ የምርምር ጉዳይ የሆነው ዘግይቶ ነው።

በየአውራጃው እንደ እነዋሪ ያለ ገና ያልተለካ ልማድ እንደሚኖር መገመት አያስቸግርም። ወደ ገጠር ለመንገድ፣ ለግድብ ወይም ለመስኖ ሥራ የሚሄድ ባለሙያ የከፍታ መለኪያውን ይዞ ይሄዳል። ገበሬው ውኃውን ወዴት እንደሚመራ፣ ቦዩ በምን ያህል ሜትር ምን ያህል ዝቅ እንደሚል፣ ትርፉ ውኃ በማን መሬት እንደሚወጣ ለመመዝገብ የሚያስፈልገው ተጨማሪ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በጓሮው አበባ ላይ ሶዳ ወይም ወተት የሚረጭም ሰው ቢሆን የቀላቀለውን መጠንና የረጨበትን ቀን ቢጽፍ፣ አንዱን ተክል ደግሞ ሳይረጭ ለማወዳደሪያ ቢተው፣ ከሰባት ቀን በኋላ መድኃኒቱ ይሠራ አይሠራ እንደሆነ በአሉባልታ ሳይሆን በማስረጃ ለመናገር ይችላል።